ሁለት ቁጥር የማን ነው

እኔ የማስተምረው ስለ አፈር ነው። ጥቁር አፈር፣ ቀይ አፈር፣ ውኃ የሚይዝ፣ ውኃ የማይይዝ። ከዚህ ውጭ አውቃለሁ የምለው ብዙ ነገር የለም። ዘመዶቼ ግን ላፕቶፕ በቦርሳ አንግቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ሰው ሁሉ በመብራት የሚሠራ ነገር ሁሉ ሐኪም ይመስላቸዋል። የአክስቴ ወፍጮ ሲቆም የተደወለው ለእኔ ነው። የጎረቤት ቴሌቪዥን ድምፅ ሰጥቶ ምስል አልሰጥ ሲል የተጠራሁት እኔ ነኝ። አላውቅም ማለት እችል ነበር። ግን ሰው «አንተ መቼም ታውቀዋለህ» ሲባል ደረቱ ትንሽ ይነፋል፤ አንዴ የተነፋ ደረት ደግሞ በቀላሉ አይተነፍስም። የቤታችን የኢንተርኔት ጣጣ የሚጀምረው ከዚህ ደረት ነው።

ቤታችን ፀዳ ነው፣ ከአዘዞ አለፍ ብሎ። እኔና ባለቤቴ ትዕግሥት ከአባቴ ጋር እንኖራለን። ትዕግሥት ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ሥራዋ በዓይን የማይታየውን ማየት ስለሆነ ከእሷ የሚደበቅ ነገር የለኝም። አባቴ አያ ታከለ ይባላሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ አምባ ጊዮርጊስ ገብስና ባቄላ ሲያመርቱ ኖረው፣ እናቴ ካረፈች በኋላ ጉልበታቸው ዳገቱን እምቢ ሲል እኛ ዘንድ ወረዱ። ሲመጡ ይዘውት የመጡት አንድ ጋቢ፣ አንድ ከዘራና አንድ ቂም ነበር።

ቂሙ በታናሽ ወንድማቸው ላይ ነው። አጎቴ አያ አለባቸው የሚኖሩት ሳንጃ ነው፤ ቆላ፣ የሰሊጥና የማሽላ አገር። እናቴ ስታርፍ ለቀብር አልመጡም። ለአርባዋም አልመጡም። መንገዱም ስልኩም የማይሠራበት ጊዜ ነበር፤ መርዶው ሳንጃ የደረሰው ሁሉም ነገር ካለፈ በኋላ ነው። አባቴ «ወንድሜ ሚስቴን አልቀበረልኝም» አሉ። አጎቴ ደግሞ «የወንድሜ ሚስት ሞታ ሰው አልተላከብኝም፤ እንደ ባዕድ በወሬ ሰማሁ» አሉ። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። እውነት የያዙ ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ማስታረቅ ደግሞ ከባድ ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ውሸታም ቢሆን ኖሮ ገና ድሮ ታርቀው ነበር።

ላስታርቅ ብለው የተነሱት ጎረቤታችን ሐጂ ኑሩ ናቸው። ሐጂ ቅዳሜ ገበያ ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ፣ አሁን ሱቁን ለልጆቻቸው የተዉ ሽማግሌ ናቸው። ሁለቱን ወንድማማቾች ከጎረምሳነታቸው ጀምረው ያውቋቸዋል፤ «ሁለቱም ለሠርጋቸው የለበሱትን የለካሁት እኔ ነኝ» ይላሉ። አባቴ በጉልበታቸው ምክንያት ሳንጃ ድረስ መሄድ አይችሉም። አጎቴም ወገባቸውን ያማቸዋል። ሐጂ ሲያስቡ ቆዩና መላ አመጡ።

«እርቅ ፊት ለፊት ነው» አሉ። «ፊት ደግሞ ዛሬ በስልክ ይታያል። በምስሉ ስልክ እንጨርሰዋለን።»

ሳንጃ የአጎቴ ልጅ የሺ አለች። መምህርት ናት፤ ስልኩን እሷ ትይዛለች። በእኛ በኩልስ ሲባል ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ መቼም ታውቀዋለህ» አሉኝ።

ደረቴ ተነፋ።

የመጀመሪያው እሑድ ደረሰ። አባቴ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጭ ልብሳቸውን ሳይቀይሩ ሶፋው ላይ ተቀመጡ። ታብሌቱን ትራስ አስደግፌ ፊት ለፊታቸው አቆምኩላቸው። ሐጂ አጠገባቸው ተቀምጠው ምርቃት ጀመሩ። የሐጂ ምርቃት አጭር አይደለም። ለሰው፣ ለከብት፣ ለአዝመራ፣ ለመንገደኛ፣ ለታመመ፣ ላልታመመም እንዳይታመም። አጎቴ ታብሌቱ ውስጥ ጎንበስ ብለው «አሜን» ይላሉ። አባቴ ግድግዳውን እያዩ «አሜን» ይላሉ። ምርቃቱ አለቀና ሐጂ «እንግዲህ አለባቸው፣ ታናሽ አንተ ነህ፤ ጀምር» አሉ። አጎቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አያ» አሉ፤ «እኔ ያን ጊዜ…»

ተቋረጠ።

ታብሌቱ ላይ አንድ ክብ ነገር መዞር ጀመረ። አባቴ ክቡን ተመለከቱት።

«ዘጋብኝ» አሉ።

«አልዘጉም አባባ። ኔትወርኩ ነው።»

«እኔ አየሁት እንጂ። ጣቱን ሲያነሳ አይቼዋለሁ።»

ሳንጃም ነገሩ እንዲሁ ሆኖ ነበር። የሺ በተራው የስልክ መስመር ደወለችልኝና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አባዬ ‹ገና አፌን ስከፍት ዘጋብኝ፤ ድምፄን እንኳ መስማት አልፈለገም› ብለው ምሳም አልቀመሱ» አለችኝ። እንግዲህ ወንድማማቾቹ እስከዚያ ቀን የነበራቸው አንድ ቂም ነው። አሁን ሁለት ሆነ፤ ሁለተኛው ደግሞ የእኔው ቤት ምርት ነው።

በማግስቱ ሥራ ጀመርኩ። መጀመሪያ ራውተሩን አጥፍቼ አበራሁት። ይህ የሊቃውንት ሁሉ የመጀመሪያ ምክር ነው፤ ብዙ ጊዜም የመጨረሻው ነው። አልረዳም። ከዚያ ቦታውን መቀየር ጀመርኩ። ከቡፌው ኋላ አውጥቼ ቡፌው ላይ አደረግሁት። ከቡፌው ላይ አንስቼ መስኮት ላይ አኖርኩት። ከመስኮት ወደ ማድ ቤት መደርደሪያ፣ ከመደርደሪያ ወደ ሳሎን በር። በመጨረሻ ግድግዳው ላይ የሠርጋችንን ፎቶ አወረድኩና ራውተሩን በገመድ ሚስማሩ ላይ ሰቀልኩት።

ትዕግሥት ከሥራ ስትመለስ ቆማ አየችው።

«ፎቶው የት ሄደ?»

«ለጊዜው ነው። እዚያ ሚስማር ላይ ሞገዱ ይሻላል።»

«ከእኔ ይሻላል ማለትህ ነው» አለች። ከዚያ ፎቶውን ካስቀመጥኩበት መሬት አንስታ፣ መስተዋቱን በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ፣ ወደ መኝታ ቤት ይዛው ገባች። እዚያ አልጋው ራስጌ ቆመ፤ እስከ ዛሬም እዚያው ነው። አሁን ሳስበው ከሁሉም ሥራዬ ቦታውን ያገኘው እሱ ብቻ ነው።

አባቴም የተሰቀለውን ሲያዩ «ምነው እንደ ንብ ቀፎ ሰቀልከው?» አሉኝ።

«ንቡ እስኪገባ ነው አባባ» አልኩ።

ንቡ አልገባም። ዝናቡን ጠረጠርኩ፤ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ሞገዱን የሚያባርረው መሰለኝ። የልብስ ቁም ሣጥኑን መስተዋት ጠረጠርኩና በአንሶላ ሸፈንኩት፤ አባቴ ቤት ውስጥ ሰው የሞተ መስሏቸው ደነገጡ። ሽቦ ቀየርኩ፣ ሶኬት ቀየርኩ። በመጨረሻ ለደንበኞች አገልግሎት ደወልኩ። አንዲት ትሑት ልጅ ከወዲያ ሆና መስመሩን ስትፈትሽ ቆየችና «መስመሩ ደህና ነው ጋሼ። ችግሩ ከቤትዎ ውስጥ ነው» አለችኝ።

ትዕግሥት ከኋላዬ «እሷ ደግሞ የት ነው የምታውቅህ?» አለች።

ነገሩን የገለጠልኝ እዚያው እኛ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር የሚያስተምር ወዳጄ ነው። ሻይ እየጠጣን ነገርኩት። አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የጠየቀኝ።

«ፕሪንተርህን ቋሚ አድራሻ ሰጥተኸዋል?»

«አዎ» አልኩ በኩራት፤ «ቪዲዮ አይቼ ራሴ ነው የሠራሁት።»

«እንግዲያ እሱ ነው» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እቤት ውስጥ ከዋይፋዩ ጋር የተያያዘ ዕቃ ሁሉ ቁጥር አለው፤ አይፒ አድራሻ ይሉታል። ቁጥሩን የሚያድለው ራውተሩ ነው። ታዲያ ቁጥሩ እንደ ሠርግ ቤት ወንበር ነው፤ ተነስተህ ስትመለስ ሌላ ሰው ተቀምጦበት ታገኛለህ፣ አንተም ሌላ ፈልገህ ትቀመጣለህ። ቋሚ አድራሻ ማለት ግን ወንበሩ ላይ ስምህን ጽፈህ «ይህ የእኔ ነው» ማለት ነው። እኔ የፕሪንተሩን ስም ወንበሩ ላይ ስጽፍ ለራውተሩ አልነገርኩትም። እሱም ሳያውቅ ያንኑ ወንበር ለአባቴ ታብሌት ሰጠው። ሁለት ዕቃ አንድ ቁጥር ላይ ሲቀመጡ ይገፋፋሉ፤ አንዱ ሲመቻች ሌላው ይወድቃል። ያን እሑድ ደግሞ ለተማሪዎቼ ፈተና ላትም ፕሪንተሩን ከፍቼ ትቼው ነበር። አጎቴን ከአባቴ ያቋረጣቸው የሁለተኛ ዓመት የአፈር ፈተና ነው።

«መፍትሔው ቀላል ነው» አለኝ ወዳጄ፤ «ለእያንዳንዱ ዕቃ የየራሱን ቋሚ ቁጥር ስጥ። የአንዱ ከአንዱ እንዳይመሳሰል።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ልብ በሉልኝ። እኔ ሰምቻታለሁ፤ ግን ይዣት እቤት አልደረስኩም።

ቅዳሜ ከሰዓት ላፕቶፔን ከፍቼ ቁጥር ማደል ጀመርኩ። አባቴ ሶፋው ላይ ናቸው። ሐጂም ሊጠይቁን መጥተው አጠገባቸው ተቀምጠዋል። ሥራዬ ምሥጢር እንዳይመስልባቸው ብዬ ጮክ ብዬ አስረዳለሁ። ዝም ብል ይሻለኝ ነበር።

«አንድ ቁጥር ራውተሩ ነው» አልኩ።

«ሳጥኑ?» አሉ አባቴ። «ሳጥን ሰው ይቀድማል?»

ሐጂ ገላገሉኝ። «በረኛ ነው ማለት ነው አያ ታከለ። በረኛ የሚቀድመው ከብሮ አይደለም፣ ደጅ ላይ ስለቆመ ነው።»

«ሸጋ። ሁለትስ ማን ነው?»

«ሁለት የእኔ ላፕቶፕ ነው።»

አባቴ ወደ ሐጂ ዞረው አዩ።

«ሸጋ» አሉ አባቴ። አባቴ ሸጋ የሚሉት ሁለት ዓይነት ነው፤ ይህኛው ጥሩ ማለት አልነበረም።

ላፕቶፔን ወዲያው ወደ አሥር አወረድኩትና «ሁለት የአባባ ነው» አልኩ። አሁን ደግሞ አባቴ እምቢ አሉ። «ለሐጂ ስጥ። በዕድሜም ይበልጡኛል፣ እንግዳም ናቸው።» የሐጂም ስልክ ግቢያችን ሲገቡ ራሱ ከዋይፋያችን ጋር ይያያዛል፤ የሶላት ሰዓት የሚያስታውሳቸው እሱ ስለሆነ ከእጃቸው አይለይም። ሐጂም በተራቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «በሰው ቤት እኔ ልቅደም? ቤቱ የእርስዎ ነው፤ እርስዎ ይሁኑ» አሉ።

«ኧረ በሞቴ ሐጂ።»

«ኧረ እኔ ልሙት አያ ታከለ።»

ሁለት ሽማግሌዎች በር ላይ «ይለፉ፣ ይለፉ» ሲባባሉ አይታችሁ ታውቃላችሁ። ማንም አያልፍም፤ ከኋላ የቆመውን ሰው ዝናብ ይመታዋል። እኔ ጣቴን ላፕቶፑ ላይ አንጠልጥዬ ዝናብ እየመታኝ ቆየሁ። መጨረሻ ላይ ሐጂ በገበያ ልምዳቸው ከመሃል ገቡ።

«እኩል ነን» አሉ። «ለሁለታችንም ሁለትን ስጠን። የሚቀድም የለ፣ የሚከተል የለ።»

«ፍርድ ማለት ይህ ነው» አሉ አባቴ፤ ተሳሳቁም።

አባቴ እናቴ ካረፈች ወዲህ እንደዚያ ሲስቁ አይቼ አላውቅም ነበር። እኔ ያን ሳቅ አቋርጬ «አይ፣ እንዲህ አይሆንም» የምል ልጅ አይደለሁም። ደግሞስ፣ ብዬ አሰብኩ፣ ታብሌትና ፕሪንተር ባዕድ ናቸው፤ ቢገፋፉ አይገርምም። የአባቴ ታብሌትና የሐጂ ስልክ ግን የወዳጆች ዕቃ ናቸው። ይህን በእርግጥ አስቤዋለሁ። በዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ሰው አስቦታል። ለታብሌቱም ሁለት፣ ለሐጂ ስልክም ሁለት ጻፍኩ።

ሐጂ ስልካቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ከሄዱ በኋላ ለየሺ ደውዬ ሞከርኩት። ድምፁ ጥርት ያለ፣ ምስሉ ጥርት ያለ። ሳምንቱን ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ አልተቋረጠም። ትዕግሥትም «ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ታውቃለህ ለካ» አለችኝ። የዚያን ሳምንት የደረቴን ነገር አታንሱብኝ።

እሑድ ሆነ። አጎቴ ታብሌቱ ላይ ብቅ አሉ፤ ከአባቴ ጋር በአገጭ ሰላም ተባባሉ። ሐጂ በሩን ከፍተው «አሰላሙ…» ብለው ገቡ።

ተቋረጠ።

ራውተሩን አጥፍቼ አበራሁት፣ መስመሩን መለስኩት፤ ሐጂ ተቀመጡ፤ ተቋረጠ። ሐጂ ሊሰግዱ ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ መጣ። ጥርት ብሎ መጣ። አሁን ደግሞ ሽማግሌ የለም። ወንድማማቾቹ ብቻቸውን ፊት ለፊት ቀሩ። ያለ ሽማግሌ ዋናውን ነገር መጀመር ነውር ስለሆነ ሁለቱም በዙሪያው ይዞሩ ጀመር።

«ዝናቡ እንዴት ነው?» አሉ አባቴ።

«ጥሏል።»

«ማሽላው?»

«ደህና ነው።»

«ሸጋ።»

ሌላ ነገር አልተገኘም። ሐጂ ሰግደው ሲመለሱ ግን ምስሉ አልጠፋም፤ ባለበት ደርቆ ቆመ። አጎቴ አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ። እኔ ወደ ራውተሩ ሮጥኩ። ስመለስ አባቴ ወደ ታብሌቱ ጎንበስ ብለዋል። እስከዚያ ቀን ምስሉ ሲንቀሳቀስ ግድግዳ ግድግዳውን ነበር የሚያዩት። አሁን ምስሉ የማያያቸው ስለሆነ እሳቸው ያዩታል።

«ጥርሱ የለም» አሉ።

«የቱ ጥርስ አባባ?»

«የፊተኛው። ልጅ ሆኖ ከበቅሎ ወድቆ ግማሹ ተሰብሮ ነበር። ተሸክሜ ቤት ያደረስኩት እኔ ነኝ። አሁን ጭራሹን የለም።» ጣታቸውን ወደ ምስሉ ጠቆም አደረጉ። «አፉን ሲከፍት እናታችንን መሰለ።»

ምስሉ ጠፋ። አባቴ ባዶውን ታብሌት ማየታቸውን አልተዉም። ሐጂ ግን ይህን አልሰሙም። በሩ አጠገብ ቆመው የራሳቸውን ሒሳብ ይዘዋል።

«እኔ ስገባ ይጠፋል፣ ስወጣ ይመጣል» አሉ በዝግታ። «ይህ የሰው ሥራ አይደለም። እግሬ ደርቋል ማለት ነው። ለእርቅ የሚጠራ ሰው እግረ እርጥብ መሆን አለበት። እኔን ተዉኝና ሌላ ሽማግሌ ፈልጉ።»

አባቴ ቢለምኗቸው፣ እኔ ብለምናቸው አልሰሙም። ጫማቸውን አጠለቁና ሄዱ። ትዕግሥት ሲወጡ በመስኮት እያየች «ሁለት የተጣሉ ወንድማማቾች ነበሩን» አለች፤ «አሁን ደግሞ አስታራቂውም ተቀየመ። ቀጥሎ እኔና አንተ ነን።» አልሳቀችም። አባቴም ያን ቀን ከሶፋው አልተነሱም። እኔ ያን ጊዜ ነው ነገሩ የኔትወርክ ብቻ እንዳልሆነ በደንብ የገባኝ። አንዱ ሽማግሌ ጥርስ ቆጥሮ ሊያለቅስ ደርሷል። ሌላው ሽማግሌ ራሱን ገደቢስ አድርጎ ቤቱ ተቀምጧል። በመሃል ሚስማር ላይ የተሰቀለ ሳጥን አረንጓዴ መብራት ያበራል።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ሐጂን ልለምን ሄድኩ። በረንዳቸው ላይ ናቸው። ሻይ ተሰጠኝ፤ ተለመኑ፤ እምቢ አሉ። ክፉ ቃል የላቸውም፤ ያዘኑት በራሳቸው ላይ ነው። ተስፋ ቆርጬ ስነሳ ስልካቸውን ሰጡኝ።

«ይህ ደግሞ የሶላቱን ሰዓት መጥራት ተወ» አሉ። «እስቲ ይዘኸው ሂድና እየው። አንተ መቼም ታውቀዋለህ።»

ከዚህ ሁሉ በኋላ እንኳ ይህን አሉኝ። ስልኩን ተቀብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ። አባቴ ሳሎን ተቀምጠው ከየሺ ጋር እያወሩ ነው፤ የአጎቴን ወገብ በጎን እየጠየቁ። ገና በሩን አልፌ ስገባ የሺ በአንድ ቃል መሃል ቀረች።

አባቴ ቀና ሳይሉ «ሐጂ መጡ እንዴ?» አሉ።

«አልመጡም አባባ» አልኩ። «የመጣው ስልካቸው ነው።»

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እኔው ራሴ ሰማሁት። እዚያው በሩ ላይ ቆሜ የሐጂን ስልክ ከፍቼ አየሁ፤ ሁለት። የአባቴን ታብሌት አየሁ፤ ሁለት። የአንዱ ከአንዱ እንዳይመሳሰል ያለኝ ወዳጄ፣ ሻዩ፣ ብርጭቆው ሁሉ ፊቴ ላይ መጣ። ጫማዬን ሳላስር ተመልሼ ሐጂ በረንዳ ላይ ደረስኩ።

«ሐጂ፣ እግርዎ አይደለም» አልኳቸው። «ቁጥሩ ነው። ለሁለታችሁም አንድ ቁጥር ስለሰጠሁ ነው የተገፋፋችሁት። እርስዎ ሲገቡ ስልክዎ ታብሌቱን ይጥለዋል።»

ሐጂ ረጅም ጊዜ አዩኝ።

«እግሬ አይደለም?»

«አይደለም ሐጂ።»

ቆባቸውን አውልቀው ዓይናቸውን እስኪጠርጉ ሳቁ። ሳቃቸው ሲያልቅ ወደ ቤት ውስጥ እያመለከቱ «ግባና ለባለቤቴ ለሐጂያዋ ንገርልኝ» አሉኝ። «ምን ኃጢአት ሠርቼ ይሆን እያልኩ እንቅልፍ ነስቻታለሁ።»

አብረን ወደ እኛ ቤት መጣን። ላፕቶፔን ከፈትኩና እንግዲህ አንዳችሁ ሁለት፣ አንዳችሁ ሦስት ትሆናላችሁ ስል ያ «ይለፉ፣ ይለፉ» እንደገና ሊጀምር ሆነ። ሐጂ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። አባቴ ግን ከዘራቸውን ወለሉ ላይ ቀስ አድርገው መታ አደረጉና «ሁለትን ተወው» አሉኝ።

«ለማን ልተወው አባባ?»

«ለአለባቸው። ሲመጣ እሱም ስልክ ይዞ ነው የሚመጣ። ቦታ ያዝለት። ለእኔና ለሐጂ ከዚያ በታች የፈለግኸውን ስጠን።»

ሐጂ እኔን አዩኝ። ያ ሁሉ ነገር ከተጀመረ ወዲህ አባቴ «ሲመጣ» ያሉት ገና ያን ጊዜ ነው። ሦስትና አራትን እንደመጣልኝ አደልኩ። ማን ሦስት እንደሆነ ማንም አልጠየቀኝም።

በሚቀጥለው እሑድ ፕሪንተሩን ከሶኬት ነቀልኩ፤ ትዕግሥት ሁለት ጊዜ አረጋገጠች። አጎቴ ብቅ አሉ። ሐጂ ገቡ፤ በሩ ላይ አንድ እግራቸውን አስገብተው ቆሙና ታብሌቱን አዩ። አልጠፋም። ሁለተኛውንም አስገቡ። ምርቃቱ ያን ቀን አጭር ነበር፤ ሐጂ ኔትወርኩን ገና አላመኑትም። «ጀምር አለባቸው» አሉ።

አጎቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አያ፣ እኔ ያን ጊዜ አልተነገረኝም ብዬ ተቆጣሁ። ስሰማ መንገዱ ዝግ ነበር። ሲከፈት ደግሞ አፈርኩ። ሁሉም አልቅሶ ከተበተነ በኋላ ምን ብዬ ልግባ?»

«በሩን ገፋ አድርገህ ነዋ» አሉ አባቴ። «የሌላ ሰው ቤት ነው?»

«አፈርኩ።»

«እኔም መላክ ነበረብኝ። የሚላክ ሰው አጣሁ። ደግሞ ተግቼም አልፈለግሁ። ሐዘን ነው፤ ሰው ሁሉ ራሱ የሚያውቅ ይመስልሃል።»

ሐጂ መቁጠሪያቸውን ይዘው አንገታቸውን ደፍተዋል። ትዕግሥት የማድ ቤቱ በር ላይ ቆማለች። አባቴ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሳብ አደረጉና፣ ለማንም፣ ለእኔም ለልጃቸው ነግረውኝ የማያውቁትን ነገር ተናገሩ።

«በመጨረሻዋ ቀን ‹አለባቸው መጣ?› ብላ ጠየቀችኝ» አሉ። «መንገድ ላይ ነው አልኳት። ‹እንግዲያው ምሳ አቆዩለት› አለች።»

አጎቴ ደርቀው ቀሩ።

ዓይናቸው አንድ ቦታ ላይ ቆሟል፤ ከንፈራቸው ተገጥሟል፤ አገጫቸው አይነቃነቅም። በዚህ ሰዓት፣ አልኩ በልቤ፣ ከሰዓት ሁሉ በዚህ ሰዓት። የትኛው ቁጥር ከየትኛው እንደተጋጨ በጭንቅላቴ እያሰላሁ ወደ ራውተሩ ልሮጥ ብድግ አልኩ። አንድ እግሬን አንስቼ ታብሌቱን እንደገና አየሁት። ሳንጃ ሙቀት ነው። ከአጎቴ ኋላ፣ ኮርኒሱ ላይ፣ ሙቀት ማብረጃ ቬንትሌተር አለ።

ቬንትሌተሩ ይዞራል።

አባቴም አይተውታል። የጃኬቴን ጫፍ ይዘው ቀስ ብለው ጎተቱኝ።

«ተቀመጥ» አሉኝ በሹክሹክታ።

ተቀመጥኩ። አጎቴ ትንፋሻቸውን ይዘው፣ ዓይናቸውን ሳይሰብሩ፣ እንደ ፎቶ ተቀምጠዋል። አባቴ ወደ ታብሌቱ ጠጋ አሉና፣ ሰው መስመር ሲበላሽበት እንደሚያደርገው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተናገሩ።

«አለባቸው፣ ምስልህ ቆሟል። አይዞህ፣ እስኪመለስ እንጠብቃለን።»

ጠበቅናቸው።